ከብራና እስከ ሥዕላዊ ልብ ወለድ፤ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሠዓሊ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ሥዕል ለማየት የግድ ቤተ መዘክር መግባት አያስፈልገውም ነበር። በሥጋ ቤቱ በር ላይ ቀንዱን ያቆመ በሬ፣ በጸጉር አስተካካዩ መስኮት ላይ በየዓይነቱ የተቆረጠ የወንድ ጸጉር፣ በጎሚስታው ደጃፍ ላይ ጎማና መፍቻ፣ በጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ደግሞ በጥንቃቄ የተጻፈ ምሳሌያዊ አነጋገር ያያል። ዛሬ በመሣሪያ የሚታተመው ሸራ የእጁን ሥራ ቦታ እየወሰደበት ቢሄድም፣ የታፔላ ሠዓሊው ፈጽሞ አልጠፋም። ይህ ሰው ፊደልና ሥዕል በአንድ ብሩሽ የሚሠራ ባለሙያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፤ ከሌላ ሰው ታፔላ ቀድቶ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ ነው ሙያውን የያዘው።

ይህች አጭር ጽሑፍ የምታነሣው ጥያቄ ከዚሁ ሰው የሚነሣ ነው። ቃልና ሥዕል አጣምሮ መሥራት የሚችል እጅ በየከተማችን ሲኖር፣ በተከታታይ ሥዕሎች ረጅም ታሪክ የሚተርከው መጽሐፍ፣ ማለት ሥዕላዊ ልብ ወለድ፣ በአገራችን ለምን ዘገየ? ብዙዎች «ባህሉ ስለሌለን ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኛ ግን ታሪኩ ሲመረመር መልሱ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ባህሉም እጁም ነበሩ፤ የጠፋው ሥዕሉና ቃሉ አብረው የሚታተሙበት ርካሽ ገጽና ያንን ገጽ የሚገዛ አንባቢ ነበር።

የአንድ እጅ ሥራ

የስምጥ ሸለቆውን ከተሞች የባቡርና የፋብሪካ ልጆች ብቻ አድርጎ መመልከት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ፣ ቱሉ ጉዶ በምትባለው ደሴት ላይ የማርያም ጽዮን ገዳም አለ። የዛይ ሕዝብ የሚኖርባቸው የሐይቁ ደሴቶች ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ለዘመናት ተጠብቀው የቆዩባቸው ስፍራዎች ናቸው። ስለዚህ የመጽሐፍና የሥዕል ጥበብ ለዚህ ሸለቆ በባቡር ተጭኖ የመጣ እንግዳ አይደለም።

በብራናው ዘመን ቃልና ሥዕል የተለያዩ ሙያዎች አልነበሩም ለማለት ይቻላል። ጸሐፊው ቆዳውን ፍቆና ወጥሮ፣ መስመሩን በወስፌ አስምሮ፣ በጥቁር ቀለም ይጽፍ፣ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ያደምቅ ነበር። ሥዕሉን አንዳንድ ጊዜ ራሱ፣ አንዳንድ ጊዜ የሙያ ባልደረባው ይሠራዋል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም፣ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ የተደረገው መጽሐፍ፣ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በሥዕል በተዋቡት ቅጂዎች ውስጥ አንዱ ተአምር በሁለት፣ በሦስት ወይም ከዚያ በበለጡ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ይቀርባል። ከሥዕሉ ጎን ወይም በላዩ ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ይታከላል፤ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ የሚገልጽ ማለት ነው። ይኸው ሰው በመጀመሪያው ሥዕል ታሞ፣ በሁለተኛው ሲለምን፣ በሦስተኛው ድኖ ይታያል። ተመልካቹ በሥዕሎቹ መካከል ያለፈውን ጊዜ በሐሳቡ ይሞላዋል። የሥዕላዊ ልብ ወለድ መሠረታዊ ስልትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዚህ ጥበብ ውስጥ አንባቢን የሚመራ የተስማሙበት ደንብም ነበር። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ከጎን በአንድ ዓይን ይታያሉ። የዐድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎች የኢትዮጵያን ሠራዊት ፊት ለፊት፣ የጣልያንን ሠራዊት በጎን የሣሉት ከዚሁ ደንብ ተነሥተው ነው። ማንበብ የማይችለው ተመልካች እንኳ የትኛው ወገን የራሱ እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ይህ ሥዕልን እንደ ፊደል የመጠቀም ችሎታ ነው።

ያለ ስም የኖሩ ተራኪዎች

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ይህ ጥበብ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ ገበያ ወጣ። በአዲስ አበባ የተቀመጡ ሠዓሊዎች፣ ከእነርሱም መካከል ስማቸው በሚገባ የታወቀው በላቸው ይመር፣ ለመኳንንትና ለውጭ አገር እንግዶች በሸራና በብራና ላይ መሣል ጀመሩ። ከሥራዎቹ ሁሉ የገነነው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። ይህ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ 44 ክፍሎች አሉት፤ በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ 11 ሆነው ይደረደራሉ። እንደ ጽሑፍ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል።

ታሪኩ የሚጀምረው ሕዝብ ከሚገዛውና ግብር ከሚቀበለው ዘንዶ ነው። ዘንዶው ይገደላል፤ ገዳዩ ይነግሣል፤ ልጁ ማክዳ ዙፋኑን ትወርሳለች፤ ነጋዴው ስለ ሰሎሞን ጥበብ ይነግራታል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ትጓዛለች። ግብሩ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ፣ የሌሊቱ ጥምና ውኃው እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ክፍል ይሰጣቸዋል። ሠዓሊው የጉዞውን ወራት በአንድ ክፍል አሳልፎ፣ የአንዲቱን ሌሊት ድርጊት ግን በብዙ ክፍሎች ያዘገየዋል። ጊዜን ማፍጠንና ማዘግየት የልብ ወለድ ደራሲ ሥራ መሆኑን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሁሉ ያውቃል። እኒህ ሠዓሊዎች ይህን የሚያውቁት ከመምህሮቻቸውና ከራሳቸው ልምድ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ሁለት ነገር ጎደለው። አንደኛ፣ ታሪኩ በአብዛኛው አንድና ያው ሆኖ ቀረ፤ ገዢው የሚፈልገው ያንኑ ስለ ነበር ሠዓሊው የራሱን ዘመን ታሪክ ለመሣል ምክንያት አልነበረውም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ በእጅ የሚሠራ አንድ ቅጂ ስለ ነበር በሻንጣ ተጠቅልሎ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ለአገሩ ሰው አይደርስም ነበር። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ስማቸውን ሳናውቅ አለፉ።

ቃልና ሥዕል ሲለያዩ

የማተሚያ ቤት መስፋፋት ለሥነ ጽሑፋችን ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአማርኛ መጽሐፍና ጋዜጣ መሠረት ያዘ። ነገር ግን የማተሚያው የብረት ፊደል ቃልን ከሥዕል ለየ። ቃል በለቃሚ እጅ በቀላሉ ይደረደራል፤ ሥዕል ግን ለብቻው ቅርጽ እንዲወጣለት ያስፈልጋል፤ ያም ወጪ ነው። ስለዚህ ሥዕል በሽፋኑ ላይ ወይም በጥቂት ገጾች ብቻ ተወስኖ ቀረ።

ከዚህ አንጻር የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት ትኩረት የሚስብ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነውን ጦቢያን በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው ይህ ሰው በጣልያን አገር በቱሪን ከተማ የሥዕል ጥበብ ያጠና ሠዓሊም ነበር። የልብ ወለዳችን አባት ሠዓሊ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው ውስጥ ቢገናኙም በአንድ መጽሐፍ ገጽ ላይ ግን ሳይዋሐዱ ቀሩ፤ ልብ ወለዱ በቃል ብቻ ወጣ።

በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በአዲስ አበባ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ታላላቅ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። ውለታው በቀላሉ የሚገመት አይደለም። በዘመናዊው ሥነ ጥበብ ልማድ ግን ሠዓሊው የሚመዘነው በአንድ ሸራ ላይ ባኖረው አንድ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በጸጥታ ይታያል እንጂ ገጹ እየተገለጠ አይነበብም። በዚህ ሁኔታ ቃል ወደ ማተሚያ ቤት፣ ሥዕል ወደ ትርኢት አዳራሽ ሄደ። ሁለቱን መልሶ ለማገናኘት የፈለገ ሰው የሚገባበት በር ስላልነበረ ራሱን በራሱ ማስተማር ግድ ሆነበት።

በስምጥ ሸለቆው ከተሞች

ለብዙ ዓመታት ናዝሬት በሚል ስም ስትጠራ የኖረችው አዳማ ከምድር ባቡሩ ጋር ያደገች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው የሚገናኝባቸው ገበያዎች ሆኑ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሸንኮራ ቆራጩ፣ መካኒኩና ጸሐፊው ከየአቅጣጫው ጎረፉ። እንዲህ ያሉ ከተሞች እንደ ጎንደር ያለ የአድባራት የሥዕል ትምህርት የላቸውም፤ እንደ አዲስ አበባም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። በመሆኑም በእነዚህ ከተሞች ለተወለደ ሠዓሊ ራስን ማስተማር የተለመደው መንገድ ሆኖ ኖሯል።

የዚህ መንገድ ታላቅ ምስክር የቢሾፍቱው ሠዓሊ ለማ ጉያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለዱት አቶ ለማ በኢትዮጵያ አየር ኃይል ያገለገሉ ሲሆን፣ ሥዕልን በራሳቸው ጥረት ተምረው በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች በአገር ውስጥም በውጭም ታወቁ። በቢሾፍቱ የራሳቸውን የሥዕል ቤተ መዘክር አቋቁመው ለወጣቶች ሥዕል ያስተምሩ ነበር። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አቶ ለማ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ አልነበሩም። ለዚህ ጽሑፍ ያላቸው ትምህርት ሌላ ነው፤ ራሱን ያስተማረ ሰው ተመልሶ የሌሎች መምህር ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። የአባቶቻችን ጸሐፍት መጽሐፍ የጻፉበትን ቆዳ እርሳቸው የሥዕል ገጽ አድርገው መጠቀማቸውም ሊታሰብበት ይገባል። የሚያባዛ ገጽ ያላገኘ እጅ በአቅራቢያው ባገኘው ነገር ላይ ይሠራል።

በዚያው በ1928 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኦሳሙ ቴዙካ ተወለደ። እርሱም የሕክምና ትምህርት የተማረ እንጂ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ አልነበረም። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኦሳካ ከተማ በመናኛ ወረቀት የሚታተሙ፣ ሽፋናቸው የቀላ፣ ለልጆች በርካሽ የሚሸጡ የሥዕል መጻሕፍት ነበሩ። ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ገና በተማሪነቱ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተባብሮ ያወጣው የመጀመሪያው ረጅም የሥዕል ታሪክ በዚህ ርካሽ ገጽ ላይ ታትሞ በብዙ ሺህ ቅጂ ተሸጠ። ሁለቱም ሰዎች በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ ሁለቱም በሌላ ሙያ ያለፉ፣ ሁለቱም በራሳቸው ጥረት የወጡ ናቸው። በተሰጥኦ ማወዳደሩ ፋይዳ የለውም። ልዩነቱ በኦሳካ ርካሽ ወረቀት የያዘ አሳታሚ መኖሩ፣ በቢሾፍቱ ግን አለመኖሩ ነው።

በሌላው ዓለም የተሄደበት መንገድ

የዚህ ጥበብ ጀማሪ ተብሎ የሚቆጠረውም ሰው መንገዱ ቀጥተኛ አልነበረም። በስዊዘርላንድ በጄኔቭ ከተማ ይኖር የነበረው ሮዶልፍ ቶፕፈር የሠዓሊ ልጅ ነበር፤ ዓይኑ ደካማ በመሆኑ ግን የአባቱን ሙያ ሊይዝ አልቻለም፤ መምህር ሆነ። ተማሪዎቹን ለማዝናናት በብዕር የሚሥላቸውን አስቂኝ ታሪኮች እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ለሕዝብ አቀረበ። የተጠቀመበት የኅትመት ስልት በወረቀት ላይ በገዛ እጁ የሣለውንና የጻፈውን ሳይለያይ ወደ ድንጋይ የሚያስተላልፍ ስለ ነበር ቅርጽ አውጪም ፊደል ለቃሚም አላስፈለገውም። ማለት የብራናው ጸሐፊ ያደርግ እንደ ነበረው ቃልና ሥዕል ከአንድ እጅ ወጡ።

በአሜሪካ ዊል አይዝነር ከብዙ ዓመታት የጋዜጣ ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ኒውዮርክ የድሆች መኖሪያ ያሳተመው መጽሐፍ ይህ ጥበብ ለአዋቂ አንባቢም የሚሆን መሆኑን አስመሰከረ። በአፍሪካ ደግሞ የኮት ዲቯር ተወላጅ የሆነችው ማርገሪት አቡኤ ከሠዓሊው ከክሌማን ኡብረሪ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረችው ሥራ የአቢጃንን አንድ ሰፈር፣ የዮፑጎንን፣ የዕለት ተዕለት ኑሮ ለዓለም አሳይታለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጦርነት ወይም ረኀብ የታሪኩ እምብርት አይደለም፤ ልጃገረዶች፣ ወላጆች፣ ሥራና ፍቅር ናቸው። ለአዳማ ወጣት ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

በአገራችንም በሩ መከፈት ጀምሯል። ብስራት ደበበ በመሠረተው ኢታን ኮሚክስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጀምበር የተባለው ሥራ ሥራ ፈላጊ የሆነ የአዲስ አበባ ወጣትን ልዩ ኃይል ያለው ጀግና አድርጎ ያቀረበ ሲሆን፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቷል። ቀጥሎም ሴት ጀግና ያላት ሃዊ የተባለ ሥራ ወጥቷል፤ ሃዊ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ምኞት ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው በመጀመሪያ አንባቢ ዘንድ የደረሱት በኤሌክትሮኒክ ገጽ መሆኑ ነው። የጎደለው ርካሽ ገጽ በሌላ መልክ ሲገኝ ጥበቡ ወዲያው ብቅ አለ።

ከጀማሪው የሚጠበቅ

ራሱን በራሱ አስተምሮ ወደዚህ ሥራ ለሚገባ ሰው ከታሪኩ የሚወጡ ጥቂት ቁም ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ መቅዳት ነውር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙር የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው የተማረው፤ ነውሩ ቀድቶ መቅረት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቋንቋውን እንደ መሣሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ቃል ስለሚይዝ ለዚህ ጥበብ ይመቻል፤ «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ ቃል በሌላ ቋንቋ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይወጣዋል። በሌላ በኩል የፊደሎቻችን ልዩነት በትንሽ ጭረት ስለሆነ ጽሑፉ ደቀቅ ሲል ለአንባቢ ይደክማል። ስለዚህ ፊደሉን አተልቆ፣ ቃሉን ቀንሶ፣ ቀሪውን ለሥዕሉ መተው ይሻላል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በቁቤ በስፋት የሚጻፈው ኦሮምኛ ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚረዝመውን ድምፅ ሁሉ ፊደል ደግሞ ስለሚጽፍ ቃሉ ሰፊ ቦታ ይይዛል። በሁለቱም ቋንቋ ለማሳተም ያሰበ ሰው የንግግሩን ክፍት ቦታ ገና ከመነሻው አስፍቶ መሣል ይኖርበታል። በአዳማ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለቱም ቋንቋዎች ሲነገሩ መስማት የተለመደ ነውና ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የሚተረከው ታሪክ በአጠገብ አለ። የቀድሞው ባቡር በአዳማ በኩል ማለፉን አቁሟል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ የራሱን ሌላ ጣቢያ ይዟል። በአሮጌው ጣቢያ ቡና ያፈሉ፣ ዕቃ ያወረዱ፣ ዘመድ የሸኙ ሰዎች እያረጁ ነው። የወንጂን ሸንኮራ የቆረጡትና የኮቃ ግድብ ውኃ መሬቱን ሲሸፍን ያዩትም እንዲሁ። እነዚህ ታሪኮች በጽሑፍ የሰፈሩት በጥቂቱ፣ በሥዕል የተተረኩት ደግሞ ከዚያ ባነሰ ነው። የንግሥተ ሳባን ሌሊት በብዙ ክፍሎች የከፈለ ጥበብ የአንዲትን ቡና ሻጭ ቀን መክፈል የማይችልበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻም፣ ራሱን ያስተማረ ሠዓሊ ብቻውን ቆመ ማለት አይደለም። ስማቸው ያልተጻፈ የብራናና የሸራ ሠዓሊዎች መምህሮቹ ናቸው፤ የታፔላ ሠዓሊው የቅርብ ጎረቤቱ ነው። የሚጎድለው ከእርሱ ወገን ሳይሆን ከእኛ ወገን ነው። አሳታሚው ጥቂት ገጽ ቢፈቅድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ቢሰጥ፣ የጥበብ ማኅበራት በመጽሔታቸው ለተከታታይ ሥዕል ቋሚ ስፍራ ቢለቁ፣ አንባቢውም የመጀመሪያውን ያልተጣራ ሥራ ገዝቶ ሁለተኛውን ቢጠብቅ፣ ከአዳማ ታፔላ ጀርባ የሚወጣውን ደራሲ ለማየት ሌላ መቶ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም።